«6 ሰዓት» ስንል ስንት ሰዓት ነው?

ሐዋሳ ውስጥ የቴክኒክና ሙያ ኮሌጅ የሆቴል ተማሪዎችን እንግሊዝኛ ማስተማር ስጀምር የተነሳሁት ከሰዋስው ነበር። ፈተናውን በደንብ ይሠሩ ነበር። ለልምምድ ሆቴል ከተመደቡ በኋላ ግን አንዲት ተማሪዬ ዓይኗ እንባ አቅርሮ መጣች።

አንድ የውጭ እንግዳ ማታ ሪሴፕሽን ላይ «በሲክስ ቀስቅሱኝ» ይላታል። ሐይቁ ዳር ያለው የአሣ ገበያ፣ አሞራ ገደል ሄዶ አሣ አጥማጆቹ ሲገቡ፣ አባ ኮዳ የሚባሉት ትልልቅ ወፎች ሲሰበሰቡ ማየት ፈልጓል። በትክክል ሰምታ «6 ሰዓት» ብላ ጻፈች። የሌሊቱ ተረኛም ያንኑ አንብቦ ከሌሊቱ 6 ሰዓት ላይ ደወለለት። ሰውየው የፈለገው በእኛ ንጋት 12 ሰዓትን ነበር። ቁጣው የወረደው በእሷ ላይ ነው፤ ቁጥሩን አስተምሬ ሰዓቱን ያላስተማርኩት ግን እኔ ነኝ።

በማግስቱ ክፍሉ ውስጥ ሁለት የግድግዳ ሰዓት ሰቀልኩ፤ አንዱ በእኛ፣ አንዱ በፈረንጅ። ልዩነቱ 6 ሰዓት ስለሆነ አጫጭሮቹ ዘንጎች ሁልጊዜ በተቃራኒ አቅጣጫ ይጠቁማሉ፤ ተማሪዎቹ ይህን በዓይናቸው ሲያዩ ገባቸው። ሰዓት የተነገረው ሁሉ ጠዋት ወይም ማታ መሆኑን መልሶ ሳይጠይቅ እንዳይጽፍ ተስማማን።

ከዚያ አስፈቅጄ አንድ ሆቴል ሪሴፕሽን አጠገብ ለጥቂት ቀናት ተቀመጥኩ። ከመጽሐፍ ያላገኘሁትን ያገኘሁት እዚያ ነው። እንግዳው «ሙቅ ውሃ የላችሁም?» ብሎ በእንግሊዝኛ ሲጠይቅ ልጁ «የስ» አለው። በአማርኛ «አዎ፣ የለንም» ማለቱ ነው፤ እንግዳው ግን «አለ» ብሎ ተረድቶ ሊታጠብ ሄደ። አሁን «የስ» እና «ኖ» ብቻውን ክፍሌ ውስጥ መልስ አይሆንም፤ «ዊ ሃቭ» ወይም «ዊ ዶንት ሃቭ» ይከተለዋል። አየር ወደ ውስጥ ስበን «አዎ» የምንላትም በስልክ አትሰማም። ስለዚህ ተማሪዎቹን ጀርባና ጀርባ አስቀምጬ ነው ስልክ የማለማምዳቸው።

በጣም ያሳዘነኝ ግን ባለጌ መባላቸው ነው። «ፓስፖርትዎን ይስጡኝ» ስንል አክብሮቱ ግሱ ውስጥ አለ። ልጁ በልቡ «ይስጡኝ» ብሎ በአፉ «ጊቭ ሚ ፓስፖርት» ሲል አክብሮቱ መንገድ ላይ ይቀራል። እንግሊዝኛ «እርስዎ» የለውም፤ ማክበሩ ያለው «ሜይ አይ» እና «ኩድ ዩ» ላይ ነው። ይህን በአማርኛ ስነግራቸው የክፍሉ ፊት ተለወጠ። በዚህ ጉዳይ «ክፍል ውስጥ አማርኛ ክልክል ነው» ከሚሉ ባልደረቦቼ ጋር አልስማማም።

ይሉኝታውም ከባድ ነው። ያልሰማ ተማሪ «ኦኬ» ብሎ ይሄዳል፤ ትልቅ ሰውን ደግሞ መጠየቅ ነውር ይመስለዋል። «ሶሪ፣ ኩድ ዩ ሴይ ዛት አጌን?» የምትለውን አንዲት ዓረፍተ ነገር ቀና ብለው ለማለት ሳምንታት ፈጅቶባቸዋል።

ገና ያልተወጣሁት የእንግዶቹን አነጋገር ነው። የሐዋሳ ኢንዱስትሪ ፓርክ በ2008 ዓ.ም. ከተመረቀ ወዲህ ለሥራ የሚመጡት ብዙዎቹ እስያውያን ናቸው፤ እኔ የማሰማቸው ቅጂ ግን የእንግሊዞች ነው። ስለዚህ እያንዳንዱ ተማሪ ከልምምድ ቦታው ያልገባውን አንድ አባባል በደብተሩ ይዞ ይመጣል፤ የሰኞን ትምህርት በእሱ እንጀምራለን። ባለፈው ሰኞ የመጣው «ሴትል ዘ ቢል» ነበር፤ ሒሳብ መክፈል መሆኑን ከክፍሉ ግማሹ አያውቅም ነበር።