የሰደፍ ቅርጽ በካርቶን ይዤ ደሴ ገባሁ

ከአዲስ አበባ የተነሳሁት ገና ሳይነጋ ነው። ሻንጣዬ ውስጥ ልብስ፣ ለአጎቴ የገዛሁት ጋቢና አንድ የተቆረጠ ካርቶን አለ። ካርቶኑ ላይ የጠመንጃ ሰደፍ ልክ በልክ ተስሏል። ጠመንጃው ራሱ ባሌ፣ ካምፓችን ውስጥ ተቆልፎበታል።

ሥራዬ እዚያ ነው። ፈቃድ ይዘው የደጋ አጋዘን ሊያድኑ የሚመጡ እንግዶችን እመራለሁ። እንግዳው አቁስሎ ካመለጠው፣ ተከትሎ መጨረስ የእኛ ፋንታ ነው። ለዚህ የተሰጠን ጠመንጃ ባለ 300 ዊንቸስተር ማግነም ነው። ጥይቱ የቆየ ነው፤ በ1963 እ.ኤ.አ. የወጣ። ጠመንጃው ግን አዲስ ነው፤ 3 ኪሎ ብቻ ይመዝናል። ዳገት ሲወጡበት ደስ ይላል። ሲተኩሱት እንደ በቅሎ ይራገጣል።

ባለፈው ወቅት የቆሰለ አጋዘን ላይ ቃታ ስስብ ዓይኔ ቀድሞ ተጨፈነ። ጥይቱ ዝቅ ብሎ እግሩን መታው። ደሙን ተከትለን ስናገኘው መሽቶ ነበር። ያን ሁሉ ሰዓት የተሰቃየው በእኔ ነው። ትከሻዬ የጠመንጃውን የኋላ ምት ስለፈራ፣ ጥይቱ ሳይወጣ ሰውነቴ ይሸሻል። ይህን ሳላስተካክል ወደ ጫካ አልመለስም ብዬ ነው የመጣሁት።

ጣርማ በርን በጉም ውስጥ አለፍን። ሸዋ ሮቢት ላይ ጃኬቴን አወለቅሁ። ከሚሴ፣ ሃርቡ፣ ከዚያ ኮምቦልቻ። ኮምቦልቻ የቆዳ ፋብሪካ ያለበት ከተማ ስለሆነ ቆዳ አይጠፋም ብዬ ወረድሁ፤ ለስላሳ የበግ ቆዳ ገዛሁ። ወደ ደሴ የቀረው 25 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። ሀረጎን ስንወጣ ጆሮዬ ተደፈነ፣ ጃኬቴንም መልሼ ለበስሁ። የጦሳ ተራራ ከላይ ደመና ተሸክሞ ጠበቀኝ።

አጎቴ ቤት ቡና ተፈልቶ ደረስኩ። አንደኛው ጀባ ከተባለ በኋላ ጉዳዬን ነገርኳቸው። ጋሼ በወጣትነታቸው የአባታቸውን ቤልጅግ ጠመንጃ ይዘው ያደጉ ሰው ናቸው።

«ስንት ኪሎ ነው ያንተው?» አሉኝ።

«ሦስት።»

«የኛው ወደ አራት ይጠጋ ነበር። ጥይቱም እንዳንተው አይከፋም። አብሽር ልጄ፣ ፈሪ ሆነህ አይደለም።»

ሂሳቡም እሳቸው ያሉትን ነው የሚለው። 11.7 ግራም ጥይት በሰከንድ 900 ሜትር ገደማ ሲወጣ፣ ባሩዱም ጋዝ ሆኖ አብሮት ይወጣል። ጠመንጃው ያንኑ ግፊት ወደ ኋላ ይከፍላል። 3 ኪሎ ከሆነ ትከሻ ላይ የሚያርፈው ወደ 45 ጁል ነው። 4 ኪሎ ቢሆን ወደ 34 ይወርዳል። አንድ ኪሎ ብቻ ምቱን በሩብ ይቀንሰዋል። ስለዚህ ባዶ የሆነውን የፕላስቲክ ሰደፍ ውስጡን እርሳስ ልሞላው ወስኛለሁ። ከፊት በኩልም ትንሽ እጨምራለሁ፤ አለዚያ ሚዛኑ ወደ ኋላ ያጋድላል።

ጋሼ መጥረጊያ አስያዙኝና አቋሜን አዩ። ጀርባዬን ወደ ኋላ ለጥጬ ነበር የቆምሁት። ግራ እግሬን አስቀደሙ፣ ደረቴን ወደ ፊት አጎነበሱ፣ የመጥረጊያውን ጫፍ ከጉንጬ በታች ወዳለው የትከሻ ሥጋ ጎትተው አስጠጉ። ከዚያ በመዳፋቸው ገፉኝ። መጀመሪያ ስቆም ያንገዳገደኝ ግፊት አሁን ዝም ብሎ አለፈ። አላልቶ መያዝ ነው አጥንት የሚሰብረው፤ ጠመንጃው ፍጥነት አግኝቶ ይመጣብሃል።

ወሬያችን ወደ ኅዳር 26፣ 1928 ዞረ። ያን ቀን የጣሊያን አውሮፕላኖች ደሴን ሲደበድቡ ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ራሳቸው መትረየስ ላይ ቆመው ተኩሰዋል። «ያ መሬት ላይ ተተክሎ ነው፤ ምቱን መሬት ይችለዋል» አሉ ጋሼ። «ያንተውን የሚችለው አጥንትህ ነው።»

በማግስቱ ፒያሳ ወረድን፤ አንድ ጫማ ሰፊ ዘንድ። ካርቶኑንና የበግ ቆዳውን አስቀምጬ ሰደፍ ላይ የሚጠለቅ ከረጢት እንዲሰፋልኝ ጠየቅሁ። ምቱን እንዲያበርድ ውስጡ ለሚገባው ትራስ መጀመሪያ ያነሳው የመኪና ጎማ ነበር። ጎማው አይታመቅም፤ ምቱን እንዳለ ያሳልፈዋል። የሶፋ ስፖንጅ ደግሞ ወዲያው ተጨፍልቆ ያልቃል። የሚፈለገው በመሃል ያለው ነው፤ ሲጫኑት ቀስ ብሎ የሚሰጥ። ጫማ ሰፊው ሦስት ዓይነት ሶል በአውራ ጣቱ ተጭኖ አንዱን መረጠ። 2 ሴንቲ ሜትር ይበቃል አልን። ከዚያ በላይ ሰደፉ ይረዝማል፤ ባሌ ብርድ ላይ በካፖርት ደግሞ ጨርሶ ጣት ቃታው ላይ አይደርስም።

አፈሙዙ ላይ የሚገጠም ጋዝ ወደ ጎን የሚረጭ ብረት እንዳለ አውቃለሁ። ምቱን በጣም ይቀንሳል። እኔ ግን አልፈልገውም። ድምፁን ጎኑ በቆመው ሰው ጆሮ ላይ ይከምረዋል፤ ጎን የሚቆመው ደግሞ የሥራ ባልደረባዬ ነው።

ከረጢቱ በሁለተኛው ቀን አለቀ። ጋሼ አገላብጠው አዩት፣ ክሩን ሳብ ሳብ አድርገው ፈተኑት። ከዚያ መጥረጊያውን በድጋሚ አመጡ። እስከ መግሪብ ድረስ ዓይኔን ሳልጨፍን ባዶ ቃታ መሳብ ተለማመድሁ፤ ሳንቲም እንጨቱ ላይ አስቀምጠው፣ እስካልወደቀች ድረስ እየቆጠሩ። ሰላሳ አንድ ላይ ወደቀች። «እንደገና» አሉ።