ሽማግሌ ስንጠብቅ ቀኑ አለቀ

መጋዘን ጠባቂዬን ያሰናበትኩት በሁለት ቃል ነው፦ «ነገ እንዳትመጣ»። ሰኔ 7 ቀን 2013 ዓ.ም.፣ ሰኞ ጠዋት፣ አዘዞ መንገድ ላይ ባለችው የግንባታ ዕቃ ሱቄ በር ላይ። ሁለቱ ቃላት 48,000 ብር አስከፍለውኛል።

አመጣጡ እንዲህ ነው። መጋቢት 28 ቀን ዕቃ ስንቆጥር 30 ኩንታል ሲሚንቶ ጎደለ። ስጠይቀው አልካደም። «እትዬ፣ ለአንድ ሰው አበድሬ ነው፣ ይመልሳል» አለኝ። የኔን ሲሚንቶ ማን አበድር አለው! ግን ስድስት ዓመት አብሮኝ የሠራ፣ ባለቤቴ ሲሞት ድንኳን የተከለልኝ ሰው ነው። በዚያው ቀን ደብዳቤ ጽፌ ላባርረው አልቻልኩም። እሱም ሽማግሌ ላከ።

ሽማግሌዎቹ «ጾም ነው፣ ፋሲካ ይለፍ» አሉ። ፋሲካ አለፈ። «ዳግም ትንሣኤ ይሁን» አሉ። ከዚያ አንደኛው ልጁን ሊድር ሆነ፤ እኔም ሠርጉን በላሁ። እንዲህ እንዲህ እያለ ሰኔ ገባ። ሲሚንቶውም አልተመለሰ፣ ሽምግልናውም አልተቋጨ። አንድ ቀን ንዴቴ ገነፈለና ያንን ተናገርኩ።

ከሰሰኝ። ሠራተኛ የዳኝነት ገንዘብ አይከፍልም፤ ያንን እንኳ የሰማሁት መጥሪያ ከደረሰኝ በኋላ ነው። አበልጄ ጠበቃ ናት፤ መጥሪያውን ይዤ ፒያሳ ቢሮዋ ሄድኩ። ሲሚንቶውን ስለመውሰዱ አንድም ጥያቄ አልጠየቀችኝም። «ጉድለቱን ያወቅሽው መቼ ነው? ያሰናበትሽውስ?» አለችኝና በጣቷ መቁጠር ጀመረች። ከዚያ ዝም አለች። የአሠሪና ሠራተኛ አዋጁ፣ ቁጥር 1156/2011፣ አንቀጽ 27 ጥፋት ያጠፋን ሠራተኛ ያለ ማስጠንቀቂያ ለማሰናበት ይፈቅዳል። ያ መብት ግን አሠሪው ምክንያቱን ካወቀበት ቀን ጀምሮ በ30 የሥራ ቀናት ውስጥ ካልተሠራበት ይቀራል። እኔ ሁለት ወር ከአሥር ቀን ቆይቻለሁ። የማሰናበቻ ደብዳቤ የለኝም፣ የሥራ ውል የለኝም። «ጊዜያዊ ነው ብዬ ነው የቀጠርኩት» ስላት «ስድስት ዓመት ጊዜያዊ?» ብላ ሳቀችብኝ።

«ኧረ ሽምግልና ላይ ነበርን!» አልኳት። እሱን ለዳኛውም ተናግሬዋለሁ። ዳኛው አዳመጡኝ፣ ጻፉትም። ሽማግሌ ተቀምጧል ተብሎ ግን ቀኑ ቆሞ አይጠብቅም። እኛ ጎንደሬዎች ደግሞ ሽማግሌ ሳይቀመጥ ፍርድ ቤት መሄድን እንደ ነውር ነው የምናየው። እኔን የጣለኝ ይኸው ነው።

ሒሳቡ ይኸውላችሁ። ደመወዙ 4,500፣ በቀን 150 ብር። ከሕግ ውጪ ለማሰናበቴ ካሳ የ180 ቀን፣ 27,000። የስንብት ክፍያ ለመጀመሪያው ዓመት የ30 ቀን፣ ከዚያ በላይ ላለው ለያንዳንዱ ዓመት የዚያ ሲሶ፤ የስድስት ዓመቱ 12,000። ላልሰጠሁት ማስጠንቀቂያ የሁለት ወር፣ 9,000። የጎደለው ሲሚንቶ የዚህን ግማሽ እንኳ አያወጣም ነበር።

አንድ ኮንትራክተር ዕቃ ወስዶ የሰጠኝ ቼክ ነገር ደግሞ ከዚህ ይሻላል፣ ቢያንስ ገንዘቤን አግኝቻለሁ። በኛ መንገድ ቼክ ለክፍያ ብቻ ሳይሆን ለመያዣም ይሰጣል። ኮንትራክተሩ ብረትና ቆርቆሮ ይጭናል፣ ቼክ ይፈርማል፣ «ባንክ እንዳትወስጂው፣ እኔ ራሴ አመጣልሻለሁ» ይላል። የምንቀበለው ስለሚፈራ ነው፤ ሆን ብሎ ደረቅ ቼክ፣ ማለትም ባንክ በቂ ገንዘብ የሌለው ቼክ፣ የሰጠ ሰው በወንጀል ሕጉ አንቀጽ 693 እስከ 10 ዓመት ሊታሰር ይችላል። የኔው ኮንትራክተር «እስከ መስቀል»፣ ከዚያ «እስከ ጥምቀት» እያለ ቼኩን ዘጠኝ ወር መሳቢያ ውስጥ አስተኛሁት። ቼክ ግን ከወጣበት ቀን ጀምሮ በስድስት ወር ውስጥ ባንክ መቅረብ አለበት። ያዳነኝ ሌላ ነው፦ ሾፌሩ ዕቃ በጫነ ቁጥር ያስፈረምኩት የርክክብ ወረቀት። ቼኩን ትቼ በሽያጩ ከሰስኩ። ዓመት ከሦስት ወር ተመላለስኩ፣ ግን ከፈለ።



ያልተከፈለኝ የእህቴ ልጅ የወሰደው ነው። ጥቅምት ላይ መተማ ሰሊጥ ልገዛ ነው ብሎ 120,000 ብር ጥሬ ገንዘብ ቤቴ መጥቶ ወሰደ። እናቱ አጠገቡ ተቀምጣለች፣ ቡናው እየተፈላ ነው። ወረቀት አልተጻፈም። የእህቴን ልጅ «ፈርም» ልለው? ሰሊጡ ከሰረ አለ፣ በኋላ ደግሞ «ስጦታ መስሎኝ» አለ። አበልጄ የ1952ቱን የፍትሐ ብሔር ሕግ አንቀጽ 2472 አሳየችኝ፦ ከ500 ብር በላይ የሆነ ብድር በጽሑፍ፣ ወይም ፍርድ ቤት ፊት በሚሰጥ የእምነት ቃል ወይም መሐላ ካልሆነ በቀር አይረጋገጥም። 500 ብር! ያኔ ብዙ ገንዘብ ነበር፤ ዛሬ ለበዓል ዶሮ አይበቃም፣ ሕጉ ግን ያው ነው። እህቴ እውነቱን ብትመሰክርልኝ እንኳ አይሠራም። የቀረኝ መንገድ ልጁን ዳኛ ፊት ማስማል ነበር።

ደብረ ብርሃን ሥላሴ አብሬው ያስቀደስኩትን ልጅ አስምዬ በሐሰት ቢምልስ? መዝገቡን አላስከፈትኩም። አበልጄ «ሞኝ ነሽ» አለችኝ። ልክ ሳትሆን አትቀርም።

አሁን ሱቅ ውስጥ ከገንዘብ መቀበያው አጠገብ የተዘጋጀ የውል ወረቀት አለ፤ ስም፣ መጠን፣ የሚከፈልበት ቀን፣ ለሁለት ምስክር የሚሆን ቦታ። ለሠራተኞቼም ውል ጽፌያለሁ። ባለፈው ታኅሣሥ ታላቅ ወንድሜ 60 ቆርቆሮ በዱቤ ሊወስድ መጣ። ወረቀቱን አወጣሁለት። አየኝ፣ ወረቀቱን አየ፣ ደግሞ አየኝ።

«እኔንም?»

«አንተንም፣ ወንድምዓለም።»

ፈረመ። ምስክሮቹ ጫኙና ቡና የምታፈላው ልጅ ነበሩ። ገንዘቡን በቀኑ፣ አንድ ብር ሳያጎድል በልጁ እጅ ላከልኝ። እሱ ራሱ ግን ከዚያ ወዲህ እሁድ እሁድ ለቡና መምጣቱን ትቷል።