በአራተኛው መጋዘን የነበረው ኩሽኔታ

አንድ የውኃ ፓምፕ ኩሽኔታው ተበልቶ በቆመበት ዕለት፣ ተለዋጩ በየትኛውም መጋዘን እንደሌለ ለጥገና ክፍሉ የነገረው እኔ ከሠራሁት የመለዋወጫ ዳታቤዝ (በኮምፒውተር የተደራጀ መዝገብ) የወጣ ሪፖርት ነበር። ግዥ ተጠየቀ፤ ፓምፑም ሁለት ቀን ሙሉ ቆመ። በሦስተኛው ቀን የአራተኛው መጋዘን ንብረት ያዥ ለሌላ ጉዳይ ደውለው ነገሩን ሲሰሙ፣ «እኔ ዘንድ እኮ 14 ፍሬ አለ፤ ቢን ካርዱም ይኸው በእጄ ነው» አሉኝ፤ ቢን ካርድ የአንድ ዕቃ ገቢና ወጪ የሚጻፍበት የመጋዘን ካርድ ነው።

ስሕተቱ የቆጠራ አልነበረም። ሥራውን ስጀምር መጋዘኖቹ ሦስት ስለነበሩ፣ በመለዋወጫዎች ሠንጠረዥ ላይ ለእያንዳንዱ መጋዘን አንድ የብዛት ዓምድ መድቤ ነበር። አራተኛው ሲከፈት አራተኛ ዓምድ ጨመርሁና ብዛት የሚደምሩትን ሪፖርቶች አንድ በአንድ አረምሁ፤ የጥገና ክፍሉ የሚጠቀምበት ግን አመለጠኝ። ሦስት ዓምዶችን መደመር በራሱ ስሕተት ስላልሆነ ዳታቤዙ ምንም ማስጠንቀቂያ አልሰጠም። ሥራውን ከሚያቆም ብልሽት ይልቅ እንዲህ ያለው፣ በጸጥታ የተሳሳተ መልስ የሚሰጠው፣ እጅግ ያስፈራኛል።

የኩሽኔታው የውስጥ ዲያሜትር 25፣ የውጩ 52፣ ውፍረቱም 15 ሚሊ ሜትር ነው፤ ይህ የራሱ ጠባይ ስለሆነ የትም ቢቀመጥ አይለወጥም። በአንድ መጋዘን 14 ፍሬ መገኘቱ ግን የኩሽኔታው ብቻ ወይም የመጋዘኑ ብቻ ጉዳይ ሳይሆን የሁለቱ ግንኙነት ነው፤ እኔም ግንኙነቱን የዕቃው ጠባይ አስመስዬ መመዝገቤ ነበር የችግሩ ሥር። ስለዚህ መለዋወጫዎችን በአንድ፣ መጋዘኖችን በሌላ ሠንጠረዥ ለይቼ፣ የሁለቱ መለያ ቁጥሮች በጋራ ዋና ቁልፍ (አንዱን ረድፍ ከሌላው የሚለይ) የሚሆኑበትንና ብዛቱ የሚጻፍበትን ሦስተኛ የክምችት ሠንጠረዥ አበጀሁ። አዲስ መጋዘን ሲከፈት በመጋዘኖች ሠንጠረዥ አንድ ረድፍ ይጨመራል፤ ከዳታቤዙ ድምሩን የሚጠይቀው ትእዛዝም ሳይነካ ይቀጥላል።

ከንድፉ ይልቅ የከበደኝ የቆየውን መዝገብ ማጥራቱ ነበር። ያው ኩሽኔታ በአንድ ረድፍ በመደበኛ የልክ ኮዱ «6205»፣ በሌላው «ኩሽኔታ 25 በ52» ተብሎ ተመዝግቧል። ልኩ አንድ የሆነውን ሁሉ በፕሮግራም ላዋህድ ተነሥቼ ነበር፤ ነገር ግን በሁለቱም ጎን የብረት ክዳን ያለውና የጎማ ማሸጊያ ያለው 6205 በልክ አንድ ሲሆኑ፣ ውኃና አቧራ በበዛበት ቦታ አንዱ ሌላውን አይተካም። በዚህም ምክንያት ከንብረት ያዦቹ ጋር መደርደሪያው ድረስ እየሄድን፣ በዕቃው ላይ የታተመውን ሙሉ ኮድ እያነበብን አስተካከልን። ሳምንታት ፈጀ፤ አቋራጭ ባለመፈለጋችን ዛሬም ደስ ይለኛል።

በመጋዘኖች መካከል የሚደረገው ዝውውር ሌላ ጥንቃቄ ጠየቀ። ከላኪው መቀነሱና በተቀባዩ ላይ መጨመሩ በአንድ ትራንዛክሽን (ሁሉም ይፈጸማል፣ አለዚያ ምንም አይፈጸምም በሚል በተያዘ ሥራ) ካልታሰሩ፣ በመሐል ኃይል ቢቋረጥ ዕቃው ከሁለቱም መዝገብ ይጠፋል። በመኪና ተጭኖ ገና ያልደረሰው ዕቃስ የት ይመዝገብ? ብዙ ካሰብሁ በኋላ «በመንገድ ላይ» የሚለውን ራሱን እንደ አንድ መጋዘን መዘገብሁት፤ ዕቃው ሲጫን ወደዚያ ይገባል፣ ተቀባዩ ቆጥሮ ሲፈርም ከዚያ ይወጣል።