ዝናቡ ሲገባ የሚሞላው የሲያትል ባሕር

ሲያትል ላይ ዝናቡ ሲጀምር አብዛኛው ሐበሻ በሩን ዘግቶ ይከርማል። የከተማው የባሕር ወሽመጥ ፒዩጀት ሳውንድ ግን በእንስሳት የሚሞላው ያኔ ነው። ዳክዬዎቹ ከሰሜን ወርደው እዚህ ይከርማሉ፤ ወንዶቹ የባሕር አንበሶች ሴቶቹን ካሊፎርኒያ ጥለው ይመጣሉ፤ ቸም የሚባለው ሳልሞን ወደ ጅረቶቹ ሲያቀና ኦርካ የሚባሉት ጥቁርና ነጭ የባሕር አጥቢዎች፣ ዓሣ በል የሆኑት፣ ይከተሉታል።

ከቤት ሳትወጡ የኖአን (የአሜሪካ የውቅያኖስና የከባቢ አየር መሥሪያ ቤት) የባሕር ሙላትና ጉድለት ሰንጠረዥ ተመልከቱ። እዚህ በብርዱ ወራት ውሃው እጅግ የሚሸሸው በሌሊት ነው፤ ቀን ሲሞላ አሸዋው ይጠባል። ሰንጠረዡ ከ12 ጫማ በላይ ካሳየና ነፋስ ካለ በዳርቻው አትሂዱ። ዳር የተከመሩትን ግንዶች ውሃው ያነሣቸዋል፤ ከተንከባለሉ ሰው ይጨፈልቃሉ። በዲሴምበር ፀሐይ በፈረንጅ ሰዓት 4፡20 ገደማ ስለምትጠልቅ ረፋዱ ላይ መውጣት ይሻላል።

ለጀማሪ ዲስከቨሪ ፓርክ ጥሩ ነው፤ መድረሻችሁ በ1881 የተሠራው የዌስት ፖይንት የመርከብ መብራት ማማ ይሁን። መውረዱ ቀላል ነው፤ ሲመለሱ ግን ዳገቱ ልብ ያፈርሳል። እናት አባት ለጥየቃ መጥተው ከሆነ፣ አረጋውያን የያዘ መኪና በፈቃድ እስከ ታች ድረስ ይገባልና የፓርኩን ቢሮ ጠይቁ። አጠገቡ የከተማው ፍሳሽ ማጣሪያ ስላለ አንዳንድ ቀን ይሸታል፤ እንስሳቱ ግን ግድም የላቸው። ከሰዓት በኋላ ከሆነ በሰሜኑ ዳርቻ ቁሙ፤ በደቡቡ በኩል ፀሐይዋ ዓይን ትወጋለች።

አቅራቢ መነጽር ስትገዙ 8 በ42 የሚለውን (8 እጥፍ የሚያጎላ፣ የፊት መስታወቱ 42 ሚሊሜትር ስፋት ያለው) ምረጡ። 10 እጥፍ የሚያጎላው የእጅን መንቀጥቀጥም አብሮ ያጎላል። ዳክዬ ጠልቆ ሲጠፋ መነጽሩን ቶሎ አታውርዱ፤ ግማሽ ደቂቃ ያህል ጠብቁ፣ እዚያው አካባቢ ብቅ ይላል። ኦርካ ለማየት ደግሞ ፀጥ ያለ፣ ደመናማ ቀን ይመረጣል፤ ትንፋሹ ከሩቅ ይታያል። የአዋቂ ወንድ የጀርባ ክንፍ እስከ 1.8 ሜትር ይቆማል።

“ሲል” (seal) የሚባለውን የባሕር እንስሳና የባሕር አንበሳን ብዙ ሰው ያምታታል። የባሕር አንበሳ ትንሽ የጆሮ ቅጠል አለው፣ በፊት መቅዘፊያዎቹ ተደግፎ ይራመዳል፣ ይጮኻል። ሲል የጆሮ ቅጠል የለውም፤ መሬት ላይ በሆዱ ይሳባል። ራሱንና ጅራቱን እንደ ሙዝ ሽቅብ አጥፎ ካያችሁት ታሞ እንዳይመስላችሁ፣ ማረፉ ነው። ውሃ አታፍስሱበት፣ ወደ ባሕርም አትግፉት። በ1972 የወጣው የባሕር አጥቢዎች ሕግ ማወክን ይከለክላል፤ የሚመከረው ርቀት 100 ያርድ ነው። ቀና ብሎ ካያችሁ ቀርባችኋልና ተመለሱ።

ሳልሞኑን ራሱን ለማየት በኖቬምበር አጋማሽ ካርኪክ ፓርክ፣ ፓይፐርስ ጅረት ሂዱ። ሴቷ በጅራቷ ጠጠሩን እየገፋች ጉድጓድ ትቆፍራለች፤ መንጋጋው የተቆለመመው ወንድ ከጎኗ አይጠፋም። እንቁላል ከጣሉ በኋላ ሁሉም ይሞታሉ፣ ዳሩ በሬሳ ይሞላል። ውሻ ካላችሁ ገመዱን አሳጥሩ። ጥሬ ሳልሞን ውስጥ ያለው ጥገኛ ትል የሚሸከመው ባክቴሪያ የሚያመጣው በሽታ ካልታከመ ውሻን ይገድላል፤ ከበላ ምልክት ሳትጠብቁ ለእንስሳት ሐኪም ደውሉ።