ክሊፑን ማዞር ብቻውን አይበቃም

የምሠራው ታጣፊ ሰንጢ የሚነድፍ ቡድን ውስጥ ነው። ከ10 ሰው አንዱ ገደማ ግራኝ ስለሆነ «ለእኛስ ምን አላችሁ?» የሚል ደንበኛ መምጣቱ አይቀርም። መጣም። የሽያጭ ክፍሉ መልስ ለመስጠት ጊዜ አልፈጀበትም። ሰንጢውን ከኪስ ጠርዝ ጋር የሚይዘው ክሊፕ የሚታሰርባቸውን የብሎን ቀዳዳዎች በእጀታው ግራ ጎንም እንብሳ፣ ማሸጊያው ላይ «ለሁለቱም እጅ» ብለን እንጻፍ፣ አለቀ።

ክሊፑን ለመናቅ አይደለም። ሰንጢው ሲታጠፍ የስለቱ ጫፍ ወደ ላይ ሆኖ ኪስ ውስጥ የሚቀመጥ ከሆነ፣ በቀኝ ኪስ የስለቱ ጀርባ ከኪሱ የኋላ ስፌት ጋር ይጋጠማል። ስፌቱ ስለሚይዘው በቀላሉ አይከፈትም። ያንኑ ሰንጢ ክሊፑን ሳይቀይሩ ግራ ኪስ ቢከቱት የስለቱ ጀርባ ዞሮ ወደ ፊት፣ እጅ ወደሚገባበት በኩል ይመለከታል። ትንሽ ከተከፈተ ቁልፍ ፍለጋ የገባ ጣት ይጠብቀዋል። ስለዚህ ቀዳዳው ተገቢ ነበር። ጥያቄው በዚያ ያበቃል ወይ ነው።

ናሙናው ሲደርስ ከማሸጊያ ክፍል አንዲት ግራኝ ልጅ ጠራንና ካርቶን እንድትቆርጥበት ሰጠናት። ከግራ ኪሷ አወጣችው። በግራ አውራ ጣቷ ከስለቱ ላይ የወጣውን ትንሽ ጉብታ ገፋ አድርጋ ከፈተችው። ጉብታው በሁለቱም ጎን ስላለ እዚህ ላይ ችግር የለም። ካርቶኑን ሸረከተችው። የፕሮጀክቱ ኃላፊ «እንዴት አገኘሽው?» አላት። «አሪፍ ነው» አለች። «አሪፍ» ተብሎ ተመዘገበ።

እኔ ግን እጇን እያየሁ ነበር። ቆርጣ እንደጨረሰች ሰንጢውን ወደ ቀኝ እጇ አሻገረችው። በቀኝ አውራ ጣቷ መቆለፊያውን ገፍታ አጠፈችው። ከዚያ ወደ ግራ እጇ መልሳ ኪሷ ከተተችው። ይህ ሁሉ ሲሆን አንዴም ቆም አላለችም።

«ለምን ወደ ቀኝ አሻገርሽው?» አልኳት።

«እኔ? አሻገርኩት እንዴ?»

የምሯን ነው። ዕድሜዋን ሙሉ ለቀኝ እጅ የተሠራ ዕቃ ስትጠቀም ኖራለች። ብልሃቱ ከእጇ ጋር ስለተዋሐደ ችግሩ ለእሷ ችግር መሆኑ ቀርቷል። ይህን ካየሁ ወዲህ «ተመቸህ ወይ?» የሚል መጠይቅ ላይ ብዙም እምነት የለኝም።

አሁን መቆለፊያው ምን እንደሆነ ልንገራችሁ። ላይነር ሎክ ይባላል። ዛሬ በምናውቀው መልክ ያሻሻለው አሜሪካዊው ቢላዋ ሠሪ ማይክል ዎከር ነው፣ እ.ኤ.አ. በ1980ዎቹ መጀመሪያ። እጀታው ውስጥ ከቀኝ ጎን ስስ የብረት ላሜራ አለ። ከላሜራው ላይ አንድ ምላስ ተቆርጦ እንደ ሞላ እንዲሠራ ተደርጓል። ስለቱ ሙሉ በሙሉ ሲከፈት ምላሱ ወደ ግራ ይፈናጠርና ከስለቱ ተረከዝ፣ ማለትም እጀታው ውስጥ ከሚቀረው የኋላ ጫፉ፣ ኋላ ይቀረቀራል። ለማጠፍ ከግራ ወደ ቀኝ መግፋት ነው። የቀኝ እጅ አውራ ጣት ደግሞ በግራ ጎን ስለሚያርፍ ለዚህ የተፈጠረ ይመስላል። የግራ እጅ አውራ ጣት ያለው ግን በተቃራኒው ጎን ነው። ወይ ምላሱን በጥፍር ወደ ራሱ መጎተት አለበት፣ ወይ በሌባ ጣት መግፋት፣ ወይ እንደ ልጅቷ ቀኝ እጅን መለመን።

እስካሁን የምናወራው ስለ ምቾት ነው። ከዚህ የከፋው ሰንጢው ጠበቅ ተደርጎ ሲያዝ ነው የሚመጣው። በቀኝ እጅ ስትይዙት ጣቶቻችሁ ከሥር ዞረው ከቀኝ ወደ ግራ ይጠቀለላሉ። የጣት ሥጋ ምላሱን ቢነካው ይበልጥ ወደ ውስጥ ይገፋዋል፣ ያጠብቀዋል። በግራ እጅ ግን ጣቶቹ የሚጠቀለሉት ከግራ ወደ ቀኝ ነው፤ መቆለፊያው የሚፈታውም በዚያው አቅጣጫ ነው። ሁልጊዜ ይፈታል አልልም። ምላሱ ከእጀታው ጠርዝ ገባ ያለ ከሆነ ጣት አይደርስበትም። ግን ሰውየው ወፍራም ጓንት አድርጎ፣ ጠንካራ ነገር እየጠመዘዘ ሲቆርጥ ስለቱ ጣቱ ላይ ቢታጠፍስ? «ለሁለቱም እጅ» የሚለው ጽሑፍ ከማሸጊያው ላይ እንዲወጣ የተከራከርኩት ለዚህ ነው።

ወጣ። እውነተኛ የግራ ሰንጢ ይሠራ ተባለ። በኮምፒውተር ሥዕሉ ላይ መገልበጥ የአንድ ትእዛዝ ሥራ ነው፤ መስታወት ውስጥ እንዳለ ሆኖ ይወጣል። እዚህ ላይ የወጪ ተቆጣጣሪያችን ጣልቃ ገባ። «እጀታውን ገልብጡት፣ ስለቱን ግን አትንኩ። ስለት ስለት ነው፣ በሁለቱም ጎን እኩል ተሞርዷል» አለ። ሲያዩት እውነት ይመስላል። የነባሩ ስለት ክምችት ደግሞ መጋዘን ሞልቷል።

ናሙናው ተገጣጥሞ የቀረበው ለአንጋፋው ገጣጣሚያችን ነበር። ጋሼ ብዙ አያወሩም። ከፈቱት። የለመድነው «ቀጭ» የሚል ድምፅ አልተሰማም። እንደገና ከፈቱት፣ ዝም። የስለቱን ጀርባ ጠረጴዛው ጠርዝ ላይ በቀስታ ጫን ሲያደርጉት ታጠፈ። ከዚያ አጥፈው ወደ ታች ሲያራግፉት ስለቱ ራሱ ወጥቶ ተንጠለጠለ።

«ልጄ፣ ይሄማ መቀርቀሪያ የሌለው በር ነው» አሉኝ።

ስለቱን ፈትተው መብራት ሥር አሳዩኝ። ምላሱ የሚያርፍበት የተረከዙ ፊት ቀጥ ያለ አይደለም፤ ከአንዱ ጎን ወደ ሌላው ትንሽ ተዳፋት አለው። ምላሱ ሰፋ ባለው በኩል ይገባና እየጠበበ ወደሚሄደው ሲገፋ እንደ ሽብልቅ ይጠብቃል። ምላሱ ወደ ግራ ጎን ሲዛወር ግን መጀመሪያ የሚያገኘው ጠባቡን በኩል ነው። ስለዚህ ከተረከዙ ኋላ መግባት አልቻለም፣ ጎኑ ላይ ተደግፎ ቀረ። «በሞረድ ትንሽ ቢያጥርስ?» አለ አንዱ። ጋሼ ራሳቸውን ነቀነቁ። ቢያጥር ይገባል፤ ግን ወደ ሰፊው በኩል ስለሚያልፍ ስለቱ ይወዛወዛል።

የማራገፉም ነገር እንዲሁ ነው። ምላሱ ላይ የተቀበረች ትንሽ ጠጠር መሰል ኳስ አለች። ሰንጢው ሲታጠፍ ስለቱ ጎን ላይ ባለች ጉድጓድ ታርፍና ስለቱን ትይዘዋለች። ጉድጓዷ የተበሳችው በአንድ ጎን ብቻ ነው። ኳሷ ጎን ስትቀይር ማረፊያ አጣች።

ተቆጣጣሪው መጥቶ አየ። በእጁ ከፈተ፣ አጠፈ፣ አራገፈ። «በቃ፣ ስለቱም ይገልበጥ» አለ። ስለቱ ሲገለበጥ ዓርማችንም ጎን ቀየረ። ግራኝ ሰው ሲቆርጥ የሚታየው ባዶ ብረት ነበር ለካ፤ ይሄን የግብይት ክፍሉ ከሁሉም በላይ ወደደው።

እኔን ብትጠይቁኝ ገንዘቡ ለአንድ ሞዴል ብቻ ከሆነ ግራና ቀኝ የማይለይ መቆለፊያ መምረጥ ይሻላል። አዲስ ነገር አይደለም። በእጀታው ጀርባ መሃል ላይ ተጭኖ የሚፈታው ባክ ሎክ ለሁለቱም እጅ እኩል ነው። የቤንችሜድ ኩባንያ አክሲስ የተባለው መቆለፊያ ከሁለቱም ጎን የሚሳብ ዘንግ አለው። የፈረንሳዩ ሰንጢ ሠሪ ኦፒኔል እ.ኤ.አ. በ1955 ያመጣው የሚዞር ቀለበትም በየትኛውም እጅ ይዞራል፤ ሆኖም ስለቱ ላይ ያለው የጥፍር ማስገቢያ በአንድ ጎን ስለሆነ ኩባንያው የግራኝ ሞዴል ለብቻው ያወጣል። የቡሽ መክፈቻ ያለበት ሰንጢ ከሆነ ደግሞ ጠመዝማዛው ራሱ ካልተገለበጠ የግራኝ አንጓ በደካማው አቅጣጫ ነው የሚታገለው። የእኛ ሰዎች ሁለት ሞዴል መረጡ፣ ይሁን።

ሙሉ በሙሉ የተገለበጠው ሲደርስ ያቺኑ ልጅ ጠራናት። ከፈተች፣ ቆረጠች፣ ከዚያ እንደ ልማዷ ወደ ቀኝ እጇ አሻገረችው። አሁን ደግሞ ቀኝ አውራ ጣቷ መቆለፊያውን አጣው። ግራ ተጋብታ ሳቀች። «የድሮው ይሻለኛል» አለች። ኃላፊው ወደ እኔ ዞረ፤ እንግዲህ ተናገር በሚል ዓይን።

ሌላኛው እጇ ገመድ እንዲይዝ አደረግንና እንደገና ሞከረች። አሁን የሚሻገርበት እጅ የለም። ቆም አለች፤ ግራ አውራ ጣቷ ትንሽ ዳበስ ዳበስ አለና ምላሱን አገኘው። አጠፈችው። ደግማ ከፍታ አጠፈችው። «እንዴ!» አለችና ሳትጠየቅ ደጋገመችው። ከዚያ ወዲህ ማንንም ስንፈትን፣ ቀኝም ይሁን ግራኝ፣ ባዶውን እጅ አንድ ነገር እናስይዘዋለን።

አሁን የቀረን ጥርስ ያለው ስለት ነው። ጥርሱ የሚሞረደው በአንድ ጎን ብቻ ስለሆነ ሲቆርጥ ወደ አንድ ወገን ይስባል፤ ለግራኝ የሚስበው ወዳልለመደው በኩል ነው። በሌላኛው ጎን ለመሞረድ የማሽኑ አያያዝ እንደ አዲስ መስተካከል አለበት። ተቆጣጣሪው ካልኩሌተሩን አውጥቷል። ጋሼ «ቁጠር፣ ቁጠር» እያሉት ነው።