መጀመሪያ እትብቱን፦ የአልትራሳውንድ ልምምዴ አምስተኛ ወር

ጽንስ በአልትራሳውንድ ማየት ከጀመርኩ አምስት ወር ሞላኝ። የጭንቅላትና የጭን አጥንት ልኬት አሁን አያስቸግረኝም። ሆድ ላይ ግን እቸኩል ነበር። ዙሪያውን ለክቼ፣ ጨጓራውን አይቼ አልፋለሁ።

ይህን ያስተወችኝ ከደምቢያ ጎንደር ድረስ የመጣች እናት ናት። ጽንሱ 11 ሳምንቱ ነው። እትብቱ ሥር ነጣ ያለች ትንሽ እብጠት አየሁና ድንግጥ አልኩ። እናትየዋ ስክሪኑን ሳይሆን ፊቴን ነበር የምታየው። "ሲስተር፣ ምነው ዝም አልሽ?" አለችኝ። ኦምፋሎሴል (የሆድ ዕቃ በእትብቱ ሥር ወደ ውጭ የሚወጣበት የአፈጣጠር ችግር) ብዬ ልጽፍ ስል ሐኪሟ ደረሰችልኝ። "ቆይ፣ ስንት ሳምንቱ ነው?"

በዚያ ዕድሜ አንጀቱ በፍጥነት ያድግና ሆዱ ይጠበዋል። ስለዚህ ለጊዜው ወደ እትብቱ ሥር ይወጣል፤ 12ኛው ሳምንት አካባቢ ይመለሳል። ጉበት ወጥቶ ከታየ ግን መቼም ጤነኛ አይደለም። በ14 ሳምንቷ ስትመለስ የልጁ ሆድ ግጥም ብሏል። እኔም እሷም እፎይ አልን።

አሁን ሆድ ላይ ስደርስ መጀመሪያ የምፈልገው እትብቱ የሚገባበትን ቦታ ነው። የወጣ ነገር ካለ ሁለት ነገር አያለሁ፦ እትብቱ የት ነው? ሽፋንስ አለው? በጋስትሮስኪሲስ፣ ማለትም የሆዱ ግድግዳ ተከፍቶ አንጀቱ በሚወጣበት ችግር፣ እትብቱ ቦታው ላይ ነው፤ ቀዳዳው አብዛኛውን ጊዜ ከጎኑ፣ በልጁ ቀኝ በኩል ነው። አንጀቱ ያለ ሽፋን ሽርት ውሃው ውስጥ ይንሳፈፋል። በኦምፋሎሴል ግን እብጠቱ በስስ ሽፋን ተጠቅልሎ መሃል ላይ ነው፤ እትብቱም እሱው ላይ ይገባል። ይህኛው ከልብና ከክሮሞሶም ችግር ጋር አብሮ ስለሚመጣ ልቡን ደጋግሜ አያለሁ።

ለእኛ አገር እናት ይህን ቀድሞ ማወቅ ትልቅ ነገር ነው። አንጀቱ ውጭ የሆነ ሕፃን ገጠር ቤት ውስጥ ከተወለደ፣ ቀዶ ሕክምና ያለበት እስኪደርስ መንገድ ላይ ሙቀቱና ፈሳሹ ያልቃል። ከታወቀ ግን እናትየዋ ሆስፒታል ትወልዳለች። አንጀቱ ወዲያው በንጹሕ ላስቲክ ይሸፈናል፣ ሕፃኑ ይሞቃል፣ ጉሉኮስ ይሰቀልለታል።

አሁንም የሚያስቸግረኝ ጀርባውን የሰጠ ልጅ ነው። ፕሮቡን (እናትየዋ ሆድ ላይ የማስኬደውን የአልትራሳውንድ እጀታ) ስጫን ደግሞ ሆዱ ተጨምቆ የውሸት እብጠት ያሳየኛል። ስለዚህ እጄን ላላ አድርጌ እንደገና አያለሁ። ካልሆነ እናትየዋን "ተነሺ፣ ትንሽ ተንቀሳቅሰሽ ነይ" እላታለሁ። እትብቱ ሲገባ የሚያሳየውን ምስል ሳልይዝ ወደ ቤቷ አልሸኛትም።