ከዊንአምፕ በኋላ፦ ማጫወቻን በጆሮ መምረጥ

ዊንአምፕ በተባለው የዊንዶውስ ሙዚቃ ማጫወቻ የኪቦርዱ የታችኛው የፊደል ረድፍ ሙሉ መቆጣጠሪያ ነው። ዜድ ወደ ኋላ ይመልሳል፣ ኤክስ ያጫውታል፣ ሲ ለአፍታ ያቆማል፣ ቪ ጨርሶ ያቆማል፣ ቢ ወደሚቀጥለው ያሻግራል። ግራና ቀኝ ቀስት አምስት አምስት ሰከንድ ያመላልሳሉ፤ የላይና የታች ቀስት ድምፁን ከፍና ዝቅ ያደርጋሉ። ጄን ተጭኖ ከዘፈኑ ስም ሁለት ሦስት ፊደል መጻፍ ከሺህ ፋይል መካከል የተፈለገውን ያወጣል። ዓይነ ስውራን ተጠቃሚዎች ከዚህ ፕሮግራም ጋር ይህን ያህል የተላመዱት ለዚህ ነው። ታብ እየቆጠሩ በተን መፈለግ የለም፤ መስኮቱ ላይ መሆን ብቻ ይበቃል። ስለዚህ "ማጫወቻው ሊቀር ነው" ሲባል መጀመሪያ የሚያሳስበው እጅ ለዓመታት የተማረው እንዳይባክን ነው።

ታሪኩ ራሱ ብዙ ያስተምራል (ዓመታቱ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው)። ዊንአምፕ በ1997 ወጣ። በ1999 ኤኦኤል የተባለው የአሜሪካ የኢንተርኔት ድርጅት ባለቤቱን ኑልሶፍትን ገዛው። በ2013 መጨረሻ ላይ ኤኦኤል ከታኅሣሥ 20 በኋላ ማውረድ እንደማይቻል አስታወቀ፤ በጥር 2014 ግን ራዲዮኖሚ ለተባለ ድርጅት ተሸጠ። ከ5.666 በኋላ ቀጣዩ ስሪት 5.8 የወጣው በ2018 ነው። በመስከረም 2024 የፕሮግራሙ ኮድ ለሕዝብ ተለቀቀ፤ በጥቂት ሳምንታት ውስጥ ደግሞ ተነሣ። አንድ ጊዜ "ቆመ"፣ አንድ ጊዜ "ተመለሰ" የሚባልን ነገር ተስፋ አድርጎ መቀመጥ ጥሩ ዕቅድ አይመስለኝም።

ያም ሆኖ መቸኮል አያስፈልግም። ኮምፒውተሩ ላይ ያለ ፕሮግራም ድጋፍ በተቋረጠበት ቀን መሥራቱን አያቆምም፤ የሚያረጀው ቀስ በቀስ ነው። የኢንተርኔት ሬዲዮ ጣቢያዎች አድራሻቸውን ከኤችቲቲፒ ወደ ተመሠጠረው ኤችቲቲፒኤስ ሲያዛውሩ የቆየው ማጫወቻ አንዳንዶቹን መክፈት ያቅተዋል። ኦፐስ የተባለው የድምፅ ቅርጸት መስፈርት ሆኖ የጸደቀው በ2012 ነው፤ የዋትስአፕና የቴሌግራም የድምፅ መልእክቶች በእርሱ ስለሚቀረጹ፣ ከቤተሰብ የመጣ መልእክት ኮምፒውተር ላይ ተቀምጦ አልከፈት ሲል ብዙ ጊዜ ምክንያቱ ይኸው ነው። ሦስተኛውና ከባዱ ደኅንነት ነው። ሆን ተብሎ የተበላሸ ፋይል ወይም ፕሌይሊስት በማጫወቻው ቀዳዳ በኩል ሊገባ ይችላል፤ ቀዳዳውን የሚደፍን ሰው ከሌለ ደግሞ እንደተከፈተ ይቀራል። የራስን የቆየ ስብስብ በቆየ ማጫወቻ መስማት ብዙም አያሰጋም። ከማይታወቅ ቦታ የመጣ ፋይል ግን በአዲሱ ይከፈት።

አዲሱን ለመምረጥ የምመክረው መነሻ ኖትፓድ ከፍቶ በሳምንት ውስጥ በእርግጥ የምንጠቀምባቸውን ትእዛዞች መጻፍ ነው። የብዙ ሰው ዝርዝር አጭር ነው፦ መክፈት፣ ማጫወት፣ ማቆም፣ መዝለል፣ ስንት ደቂቃ እንደቀረ ማወቅ፣ በስም መፈለግ፣ ይህ ካለቀ በኋላ ቁም ማለት። ከዚያ ለእያንዳንዱ ሦስት ጥያቄ ይቀርባል። ቁልፍ አለው? ቁልፉን መቀየር ይቻላል? ከተጫንኩ በኋላ የሆነውን መስማት እችላለሁ? ሰዎች የሚዘነጉት ሦስተኛውን ነው። ድግግሞሽ መብራቱንና መጥፋቱን፣ ፍጥነቱ ስንት እንደደረሰ፣ ከሰዓቱ ስንት እንዳለፈ በስክሪን ላይ ብቻ የሚያሳይ ማጫወቻ ቁልፉ ሁሉ ቢሠራም ለጆሮ ዲዳ ነው።

ከሙከራው በፊት ግን አንድ ነገር ይጣራ፤ የአማርኛ ስብስብ ያለው ሰው ሁሉ ይገጥመዋልና። የፋይሉ ስም በግዕዝ ፊደል ተጽፎ ስክሪን ሪደሩ (ስክሪን ላይ ያለውን በድምፅ የሚያነብበው ፕሮግራም) በእንግሊዝኛ ድምፅ ላይ ከሆነ፣ ዝርዝሩ ላይ ሲወርዱ ዝም ይላል ወይም ትርጉም የሌለው ነገር ያሰማል። ብዙዎች በዚህ ምክንያት ደህናውን ማጫወቻ "አይነበብም" ብለው ይተዉታል። መለያው ቀላል ነው፦ ስሙን ገልብጦ ኖትፓድ ላይ መለጠፍ። እዚያም ዝም ካለ ጥፋቱ የማጫወቻው አይደለም። ኤንቪዲኤ በተባለው ስክሪን ሪደር ኢንሰርት፣ ኮንትሮልና ኤስ አንድ ላይ ሲጫኑ የድምፅ ሞተር መምረጫው ይከፈታል፤ ኢስፒክ ኤንጂ የተባለውን ሞተር መርጦ፣ ቀጥሎ በኢንሰርት፣ ኮንትሮልና ቪ በሚከፈተው የድምፅ ማስተካከያ አማርኛን ማግኘት ይቻላል። ለዛ ያለው ንባብ አይደለም፤ የዘፈንና የስብከት ርዕስ ለመለየት ግን ከበቂ በላይ ነው።

ሙዚቃው የስክሪን ሪደሩን ድምፅ የሚውጥ ከሆነ ደግሞ ኢንሰርት፣ ሺፍትና ዲ ይጫኑ። ኤንቪዲኤ ሲናገር ሌላውን ድምፅ ዝቅ የሚያደርገው ማስተካከያ በዚህ ይቀያየራል። የሚሠራው ኤንቪዲኤ ኢንስቶል ከተደረገ ብቻ ነው፤ ከፍላሽ ላይ የሚነሣው ቅጂ ይህን አያደርግም።

ለሙዚቃ ስብስብ የእኔ ምርጫ ፉባር2000 ነው። ሠሪው ፒተር ፓውሎቭስኪ ቀድሞ ለኑልሶፍት በኮንትራት የሠራ ሰው ነው፤ የመጀመሪያው ስሪት በ2002፣ ስሪት 2.0 ደግሞ በ2023 ወጥቷል። ኮዱ ክፍት አይደለም፣ ሌላ ሠሪ አይቶ ሊቀጥልበት አይችልም፤ ይህን ድክመቱ አድርጌ እቆጥረዋለሁ። ነገር ግን ኤንቪዲኤ ለእርሱ የተለየ ድጋፍ አለው፦ ኮንትሮል፣ ሺፍትና ኢ ያለፈውን ጊዜ ይናገራል፣ በኢ ፋንታ አር የቀረውን፣ ቲ ደግሞ የትራኩን ሙሉ ርዝመት። ይህ መረጃ የሚነበበው ከታች ካለው የሁኔታ መስመር ስለሆነ የመስመሩን አጻጻፍ ከቀየሩት መልስ መስጠት ያቆማል። እንደነበረ ይተዉት።

ኢንስቶል ሲደረግ "ፖርተብል" የሚለውን መምረጥ የሚጠቅማቸው አሉ፤ ማስተካከያው ሁሉ በፕሮግራሙ ፎልደር ውስጥ ስለሚቀመጥ ፎልደሩን ይዞ ወደ ሌላ ኮምፒውተር መሄድ ይቻላል። መጀመሪያ ሲከፈት የመልክ ምርጫ ይመጣል። ክፍሎች ያነሱበትን ይውሰዱ፤ እያንዳንዱ ተጨማሪ ክፍል ተጨማሪ የታብ ማረፊያ ነው።

ቀጥሎ ቁልፎቹን ማዛወር ይመጣል። ኮንትሮልና ፒ ማስተካከያውን ይከፍታል፤ በምድቦቹ ዛፍ ላይ "ኪቦርድ ሾርትከትስ" እስኪል መውረድ ነው። እዚያ አዲስ ቁልፍ የሚጨምረውን በተን ተጭኖ፣ ከትእዛዞቹ ዝርዝር ለምሳሌ በ"ፕሌይባክ" ሥር "ፕሌይ"ን መምረጥና በቁልፍ ሳጥኑ ውስጥ ኤክስን መጫን ነው። ለዜድ፣ ለሲ፣ ለቪና ለቢም እንዲሁ ይደገማል። ቀስቶቹ ዝርዝር ላይ ለመውጣትና ለመውረድ ስለሚያስፈልጉ ለመዝለል አይውሉም፤ በ"ሲክ" ሥር ካሉት መካከል አምስት ሰከንዱን ለሺፍትና ቀኝ ቀስት፣ ሠላሳ ሰከንዱን ለኮንትሮልና ቀኝ ቀስት እሰጣለሁ፣ ወደ ኋላውንም በግራ ቀስት። "ስቶፕ አፍተር ከረንት"ን የሚወዱት ለእርሱም ቁልፍ አይርሱ፤ ማታ እየሰሙ ለሚተኙ ዋና ትእዛዝ ነው።

እዚህ ላይ ሦስት ነገር ያበላሻል። "ግሎባል ሆትኪ" የሚል ምልክት ማድረጊያ አለ፤ ብቻውን ለቆመ ፊደል ፈጽሞ አይደረግም። ከተደረገ በሌላ ፕሮግራም ደብዳቤ ሲጻፍ ዜድ በተመታ ቁጥር ዘፈኑ ይዘላል፣ ፊደሉም አይጻፍም። ለግሎባል ኮንትሮልና አልት ከአንድ ሌላ ቁልፍ ጋር ይሻላል፤ ግን ከቀስት ጋር አይሁን፣ ኤንቪዲኤ በድረ ገጽ ላይ ሠንጠረዥ የሚያነብባቸው እነዚያ ናቸው፤ ከኢንሰርት ጋርም አይሁን። ሁለተኛው የአማርኛ መጻፊያ ነው። ኪማንን የመሰለ መጻፊያ በርቶ እያለ ኤክስ ሲመታ ወደ ማጫወቻው የሚደርሰው የግዕዝ ፊደል ሊሆን ይችላል፤ ቁልፉ ድንገት "ሞተ" ሲባል መጀመሪያ ቋንቋውን መመልከት ነው። ሦስተኛው በ"ፕሌይባክ" ሜኑ ውስጥ ያለው "ፕሌይባክ ፎሎውስ ከርሰር" ነው። እርሱ በርቶ ከሆነ ስሞቹን ለማንበብ ብቻ ዝርዝሩ ላይ ሲወርዱ፣ ዘፈኑ ሲያልቅ ቀጣዩ የሚነሣው ከቆሙበት ነው። ያጥፉት። "ከርሰር ፎሎውስ ፕሌይባክ" ደግሞ ትራክ በተቀየረ ቁጥር ያሉበትን ቦታ ይነጥቃል፤ ይህም ቢጠፋ ይሻላል።

ፉባር ሁሉንም አይሸፍንም። ለረጅም ንባብ፣ ለስብከት፣ ለትምህርትና ለቪዲዮ ቪኤልሲ ይበልጠዋል። በ1996 በፓሪስ በኤኮል ሳንትራል የተማሪዎች ሥራ ሆኖ ተጀመረ፣ በ2001 ኮዱ ክፍት ሆነ። ሺፍት ከግራና ቀኝ ቀስት ጋር 3 ሰከንድ፣ አልት 10 ሰከንድ፣ ኮንትሮል 1 ደቂቃ ወደ ኋላና ወደ ፊት ያዘልላል፤ ኮንትሮልና ቲ የሚፈልጉትን ሰዓት የሚያስገቡበት ሳጥን ይከፍታል። የማዕዘን ቅንፎቹ ([ እና ]) ፍጥነቱን በጥቂት በጥቂቱ ይቀይራሉ፣ የእኩል ምልክቱ ወደ ቦታው ይመልሳል፤ ሲፈጥንም የተናጋሪው ድምፅ አይቀጥንም። በማስተካከያው "ኢንተርፌስ" ክፍል ፋይሉ ካቆመበት እንዲቀጥል "ኦልዌይስ" የሚለውን ማድረግ ለመጻሕፍት ወሳኝ ነው። ጉድለቱ መልሱ ላይ ነው፦ ቲ ሲጫን ሰዓቱ፣ ቅንፍ ሲጫን ፍጥነቱ የሚታየው ስክሪን ላይ ተሥሎ ነው፤ ስክሪን ሪደር አይሰማውም። ለዚህ ነው በአንድ ማጫወቻ ከመጨናነቅ ሁለቱን በየሥራቸው መያዝ የምመርጠው።

ሌላ የሚሞክርም ካለ በመልኩ አይታለል። የተሣለ ቆዳ (ስኪን የሚባል የመልክ ሽፋን) የለበሰ ማጫወቻ፣ ዊንአምፕና ቪኤልሲም ቆዳቸው ሲቀየር ጭምር፣ በተኑን እንደ ሥዕል ብቻ ያስቀምጣል። ስክሪን ሪደሩ ስለ በተኑ ዊንዶውስን ሲጠይቅ ስም አያገኝም፤ ስለዚህ "በተን፣ በተን፣ በተን" ይላል ወይም ጨርሶ ያልፈዋል። አልት ተጭኖ ሜኑ መምጣቱን፣ ከዝርዝሩ አንድ ፋይል ሲሰረዝ ቦታው አለመጥፋቱን፣ የማስተካከያ ሳጥኖቹ ስም መኖሩን መፈተሽ ጥቂት ደቂቃ ይወስዳል። የመጨረሻው ስሪት መቼ እንደወጣም ይታይ። ኤምፒሲ ኤችሲ የተባለው የቪዲዮ ማጫወቻ በሐምሌ 2017 በ1.7.13 ሲቆም ኮዱ ክፍት ስለነበር ሌላ ሠሪ አንሥቶ ቀጠለበት፤ ክፍት ኮድን የምወደው ለዚህ ነው።

የድሮው ከመሰረዙ በፊት ፕሌይሊስቶቹ ይውጡ። ሲቀመጡ የፋይሉ ዓይነት ኤም3ዩ8 በሚለው ይሁን እንጂ ኤም3ዩ በሚለው አይሁን። የቆየው ኤም3ዩ በዊንዶውስ የአካባቢ የፊደል ኮድ ይጻፋል፤ ለግዕዝ እንዲህ ያለ ኮድ ስለሌለ እያንዳንዱ ፊደል የጥያቄ ምልክት ይሆናል፣ ፋይሉም አይገኝም። ኤም3ዩ8 የሚጻፈው የሁሉንም ቋንቋ ፊደል በሚይዘው ዩቲኤፍ8 ነው፣ ፊደሉን ይጠብቃል። ሙዚቃው ከዲ ወደ ኢ ድራይቭ ተዛውሮ ከሆነ ፋይሉን በኖትፓድ ከፍቶ በኮንትሮልና ኤች የመንገዱን መጀመሪያ በአንድ ጊዜ መተካት ይቻላል። በኤክስትኢንፍ (#EXTINF) የሚጀምሩት መስመሮች ርዝመትና ርዕስ ብቻ ስለሆኑ አይነኩ።

የዘፈኖቹ መግለጫም ይታይ። በፋይሉ ውስጥ መግለጫ የሚያስቀምጠው የቆየው ቅርጸት አይዲ3 ቪ1 ለርዕስ 30 ቦታ ብቻ ይሰጣል፣ ግዕዝንም አያውቅም። ከዩኒኮድ (ከዛሬው የጋራ የፊደላት መስፈርት) በፊት በነበሩ የአማርኛ ፎንቶች የተጻፉ ርዕሶች ደግሞ ከውስጥ የላቲን ፊደል ናቸው፤ በዓይን በፎንቱ ይነበቡ ነበር፣ በጆሮ ግን ዝብርቅርቅ ናቸው። እነዚህን እንደገና ከመጻፍ ሌላ አቋራጭ የለም። በፉባር አንድ ሙሉ አልበም መርጦ አልትና ኢንተር ሲጫኑ የዘፋኙንና የአልበሙን ስም ለሁሉም አንድ ጊዜ መጻፍ ይቻላል፤ ርዕሶቹ ግን አንድ በአንድ ናቸው።

የፋይል ዓይነቶችን ለአዲሱ መስጠት መጨረሻ ላይ ይሁን። በዊንዶውስ ሴቲንግ፣ "አፕስ"፣ "ዲፎልት አፕስ" ገብቶ ኤምፒ3፣ ኤም4ኤ፣ ኦጂጂና ኦፐስን ለፉባር፣ ኤምፒ4ን ለቪኤልሲ መስጠት ነው። የድሮውንና አዲሶቹን ማጫወቻዎች ለጥቂት ሳምንታት ጎን ለጎን አስቀምጦ፣ ከኖትፓዱ ዝርዝር ውስጥ መልስ ያላገኘ ትእዛዝ ሲጠፋ ዊንአምፕን መሰረዝ ይቻላል፤ የኢንስቶል ፋይሉን ግን በውጭ ዲስክ ያኑሩት።